አስፋልቱ ሰፋ፣ ሰልፉ ግን አላጠረም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ትራፊክ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተማዋ የታነቀችው መንገዷ ስለጠበበ ነው፤ ስለዚህ በጀቱ መጀመሪያ ለመንገድ ማስፋፊያና ለማሳለጫ ይዋል። የእግረኛ መንገድ፣ አውቶብስና ብስክሌት ከዚያ በኋላ ይታሰብባቸዋል። ባቡሩ ተሞክሮ አልሆነም ይላሉ። አዲስ አበባ ዳገት ስለሆነችና ዝናብ ስላለባት ብስክሌት አይሆናትም ይላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ስለመጣ የጭስና የነዳጅ ጉዳይ አብቅቷል ይላሉ። መጨረሻ ላይ አምቡላንስና የጭነት መኪና በየት ይለፉ ብለው ይጠይቃሉ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚጽፉት ከልባቸው ነው። ጠዋት ማታ መንገድ ላይ የሚባክነው ሰዓት አንገብግቧቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። የምኖረው አያት ነው፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ። መኪና የለኝም። በታክሲ፣ በአውቶብስ፣ በባቡርና በእግሬ ነው የምንቀሳቀሰው። ሕመሙ ላይ እንስማማለን። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። በተለይ ያቺ «ከዚያ በኋላ» የምትለው ቃል አልዋጥልኝ ብላለች። እግረኛና የታክሲ ተሳፋሪ በዚህች ከተማ «ከዚያ በኋላ» ሲባሉ ነው የኖሩት።

ከዋናው ክርክራቸው ልጀምር። መንገድ ከሰፋ መጨናነቁ ይቀላል ይላሉ። እስቲ መገናኛን እንይ። ቀለበት መንገድ ያልፍባታል። ባቡር ያልፍባታል። ማሳለጫ አላት። ወደ አያት፣ ወደ ሃያ ሁለት፣ ወደ ቦሌ የሚወጡት መንገዶች ሰፋፊ ናቸው። ስፋት ብቻውን መጨናነቅን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ መገናኛ ላይ ዛሬ ችግር ባልነበረ። ኑሮው ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የአያት ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ተረከዝ ያለውን ጫማዋን በፌስታል ይዛ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ከኋላዬ አንድ አባት የተኛ ልጅ አቅፈው ቆመዋል። አንድ ሚኒባስ መጣ። ሰው ጫነና ሄደ። እኛ ጥቂት እርምጃ ተራመድን። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «እስከ ሲኤምሲ ብቻ ነው» አለ። መስመር ቆርጦ መጫን ማለት ይኸው ነው። ለአንዱ መንገድ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ። ሰዉ ትንሽ አጉረመረመና ገባ። ምን ያድርግ? መሽቷል።

ከጎናችን መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። አብዛኞቹ ውስጥ ሹፌሩ ብቻ ነው። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር የያዙት እነሱ ናቸው። ግን እነሱም አልተንቀሳቀሱም። አውቶብሷም መሐላቸው ገብታ ቆማለች። እሷ ውስጥ ያለው ሰው ቢወርድና እያንዳንዱ መኪና ይዞ ቢመጣ የመኪናው ሰልፍ ከመገናኛ አልፎ የት እንደሚደርስ ማሰብ ነው።

የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር ለመንገድ ንድፍ በሚያወጣው መመሪያ ላይ ጥሩ ንጽጽር አለ። 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ መስመር ለመኪኖች ብቻ ሲሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለአውቶብስ ለብቻው ቢለቀቅ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። የእግረኛ መንገድ ቢሆን 9,000 ሰው። መሬቱ ያው መሬት ነው። የተለወጠው ማን እንዲያልፍበት እንደተፈቀደለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «መንገዱ ጠበበ» ሲሉ እኔ «ለማን?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እሺ፣ እንደ ምክራቸው እናስፋው። ከዚያስ? አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ኬቲ የሚባል አውራ ጎዳና አለ። 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት እ.ኤ.አ. በ2008 ተስፍቶ ተጠናቀቀ። አንዳንድ ቦታ ላይ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ ከ20 በላይ መስመር አለው። ከዓለም ሰፋፊ መንገዶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ብቻ ግን በዚያ መንገድ ላይ የጠዋቱ ጉዞ ጊዜ በ30 በመቶ፣ የማታው በ55 በመቶ ጨመረ። ሰፊ ሲሆን ቀድሞ ይቀር የነበረው ሰው መኪናውን ይዞ ወጣ። ራቅ ብሎ ቤት ሠራ። ሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው በዚያው ሰዓት መጣ። ጊል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ይህ የሂዩስተን ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በአሜሪካ ከተሞች አውራ ጎዳና በጨመረ ቁጥር የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ያ አሜሪካ ነው፣ እኛ ገና ነን የሚል ይኖራል። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። እዚያ አብዛኛው ሰው መኪና ኖሮት እንኳ አዲሱ መስመር ሞላ። እኛ ጋ መኪና ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የሚመጣው ገና ነው። ናይሮቢን ደግሞ በቅርብ እናውቃታለን። 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን የፈጣን መንገድ፣ ከፊሉን በድልድይ ላይ፣ ዘርግታ እ.ኤ.አ. በ2022 ከፈተች። የሚከፍል በላይ ያልፋል። ከሥር ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ያው መጨናነቅ ውስጥ ነው።

አሁን ጽሑፉ በቅጡ ያላነሳው ነገር ላይ ልምጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ መኪና ሲያወራ በእግሩ ስለሚሄደው ሰው የጠቀሰው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱንም የከተማ ማስዋቢያ አድርጎ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ከግማሽ በላይ! ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ በታክሲና በአውቶብስ ነው። በቤት መኪና የሚንቀሳቀሰው ከሁሉም ያነሰው ነው። ጸሐፊው ግን በጀቱን ይህንን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው የሚያወጡት።

እማዬ የምትኖረው ሳሪስ አካባቢ፣ ቀለበት መንገዱ ዳር ነው። ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። የምትስመው ቤተ ክርስቲያን፣ እድሯ፣ የምትሸምትበት ጉሊት ማዶ ቀሩ። መሸጋገሪያ ድልድይ አለ። ግን ከቤቷ ራቅ ይላል፤ ደረጃውም ብዙ ነው። የእማዬ ጉልበት ደረጃ አይችልም። ስለዚህ እሑድ እሑድ የምታደርገውን ልንገራችሁ። ነጠላዋን አገላድማ አስፋልቱ ዳር ትቆማለች። መኪና ሳሳ ሲል ትሮጣለች። 67 ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች። መሐል ያለው ግንብ ጋ ስትደርስ አንዱ ወጣት እጇን ይዞ ያሻግራታል። ከዚያ ሌላኛውን አስፋልት ደግሞ ትሮጣለች። አንድ ቀን አብሬያት ስሻገር የመኪናው ንፋስ ነጠላዋን ነጥቆ ፊቷ ላይ ጣለው። ለአፍታ ምንም አይታያትም ነበር። ያን ቀን ልቤ የቆመች መስሎኝ ነበር።

በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። በየቀኑ ጠዋት በሬዲዮ የምንሰማው ቁጥር ውስጥ ያሉት እንደ እማዬ ያሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ጸሐፊው ያንን መንገድ በአንድ መስመር አሰፉት እንበል። እማዬ የምትሮጠው ርዝመት በአንድ መስመር ጨመረ ማለት ነው። መኪናውም ይፈጥናል። ይህ ወጪ የእሳቸው ስሌት ውስጥ የለም።

ማስተካከያው ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ርካሽ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገሀር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ማካፈያ ብቻ የእግረኛ ማቋረጫው ሲያጥር አይተናል። ድልድይ አልተገነባም፤ ቤት አልፈረሰም። ሰው ግን ቆም ብሎ የሚጠብቅበት ቦታ አገኘ፤ የሚያቋርጠው ርቀት አጠረ። እንዲህ ያለውን ነገር ለአንድ ማሳለጫ በሚወጣ ገንዘብ ስንት ቦታ ላይ መሥራት እንደሚቻል ለጸሐፊው እተዋለሁ፤ ሒሳብ እንደሚወዱ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል።

ስለ ባቡሩ ያነሱት ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይህን ነገር ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ቡና ላይም እሰማዋለሁ። «ባቡሩን አየነው እኮ!» ይባላል። አዎ፣ አይተነዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔም ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች አንዷ ነበርኩ። 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ነው፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። 41 ባቡር ነበረው። ታሪፉ ያኔ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ከአያት ተነስቼ ጦር ኃይሎች ድረስ በዚያ ዋጋ ስሄድ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሳለሁ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ዘንቢል የያዙ እናቶች፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጭቀን።

ከዚያ ባቡሮቹ እየቆሙ መጡ። መለዋወጫ የለም፤ ውጭ ምንዛሪ የለም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቆሙበት ጊዜ ነበር። ይህን ማንም አይክድም። ግን ልብ በሉ፦ ባቡሩ የተቸገረው ሰው አጥቶ አይደለም። አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አላየሁትም። ችግሩ ሰዉ በዝቶ ባቡሩ ማነሱ ነው። ጣቢያ ላይ ቆመህ የመጣው ባቡር አፉ ድረስ ሞልቶ በሩ ሲዘጋብህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ይህ የሚያሳየው የጥገና በጀት መጥፋቱን እንጂ ሰው ባቡር አለመፈለጉን አይደለም። ጎድጓድ የበዛበት አስፋልት አይተን «መንገድ ተሞክሮ አልሆነም» የምንል አለን? የለንም። «ይጠገን» ነው የምንለው። ባቡሩንም እንደዚያ እንበለው።

ጥፋቶቹንም አልሸፍንም። የባቡሩ መስመር በግንብና በአጥር ሰፈሮችን ለያይቷል። ከጣቢያ ወርዶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚያደርስ አውቶብስ አብሮ አልታሰበም። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተችው የፈጣን አውቶብስ መስመርም 21 ኪሎ ሜትር ያህል ለብቻው የተከለለ መንገድ አግኝቶ ሲያበቃ በአውቶብስ ማነስ ተቸግሯል። ከሁለቱም የምማረው አንድ ነገር ነው። ግንባታውን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚያስኬደውንም ገንዘብ በጀት ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ሪባን የሚቆረጠው ለግንባታ ነው፤ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመለዋወጫ ሪባን ቆርጦ አያውቅም ማንም። እኛ ጋ ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል የተባለው የፈጣን አውቶብስ መስመር ስንት ዓመት ሲወራለት ቆይቷል። ጸሐፊው ለማስፋፊያ የሚጠይቁት ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ይግባ እላለሁ።

ዳገቱን በአጭሩ። ከእንጦጦ ቃሊቲ ያለው ቁልቁለት እውነት ነው። ብስክሌት ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጉዞ ነው ያለ የለም። ግን ከቦሌ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ አያት ያለው መንገድ ዳገት ነው እንዴ? በየሰፈሩ ለአጭር ርቀት ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ሞልተዋል፤ የሚፈሩት ዳገቱን ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን ሲኖትራክ ነው። ዝናቡን ያነሱትም አልገባኝም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚዘንበው በእግሩ ለሚሄደው ሰውም ነው። ጭቃውን ረግጦ፣ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ዘሎ፣ መኪና ውኃ ረጭቶበት ነው ሥራ የሚገባው። ዝናብ ከታሰበ ለእሱ ይታሰብለት።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያሉት ግማሹ ልክ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ጭሱ ይቀንሳል፤ ለነዳጅ የምናወጣው ዶላርም እንደዚያው። ደስ ይለኛል። የኔ ሳንባም እኮ ነው የሚያርፈው። ግን ባለ ባትሪዋ መኪና መንገድ ላይ የምትይዘው ቦታ ከባለ ቤንዚኗ አያንስም። መገናኛ ላይ የቆሙት ሁሉ በኤሌክትሪክ ቢሆኑ እኔ ከሰልፉ ቀድሜ ቤቴ አልገባም። ኤሌክትሪኩ በረከት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ለሚጭነው አውቶብስ ነው መቅደም ያለበት። የኤሌክትሪክ አውቶብሶች በከተማዋ መታየት ጀምረዋል። ብዙ ይሁኑ።

ጸሐፊው የኮሪደር ልማቱን ሲጠቅሱ ለእግረኛና ለብስክሌት በቂ ተሰጥቷል፣ አሁን ተራው የመኪናው ነው ብለዋል። እዚህ ላይ የምለው አለኝ። በኮሪደሩ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ሰፋፊ ናቸው፤ ማታ ማታ መብራታቸው ስር ቤተሰብ ሲንሸራሸር አይቼ ተደስቻለሁ። ይህን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱት ሰዎች የት እንደሄዱ እናውቃለን። ብዙዎቹ ወደ ዳር ነው የሄዱት። ጎረቤቴ ከመሐል ከተማ ተነስታ እኛ ብሎክ የገባች ናት። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥላቸው ደንበኞቿ እዚያው መሐል ከተማ ቀሩ። ቀድሞ በአሥር ደቂቃ በእግሯ ታደርስ የነበረውን እንጀራ አሁን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ በሁለት ታክሲ ነው የምትወስደው። ለእንጀራውም ሒሳብ ይጠየቃል፤ የሰው ቦታ ይይዛል ተብሎ። ለእሷ የሰፋው የእግር መንገድ ከቤቷ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለእሷ የሚያስፈልጋት በሰዓቱ የሚመጣ አውቶብስ ነው። ስለዚህ በቂ ተሰጥቷል የሚለውን አልቀበልም። ከኮሪደሩ ወጣ ብለው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይግቡ፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ይሂዱና ያን ሁሉ ሕዝብ ስንት አውቶብስ እንደሚያነሳው ይዩ።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ስለ አምቡላንስና ስለ ጭነት ያነሱት፣ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ወላድ የያዘ አምቡላንስ ሳይረን እያሰማ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ያያል፤ መንገድ ሊለቅለት ይፈልጋል፤ የሚለቅበት ቦታ ግን የለም። የሚያሳዝን ነገር ነው። ግን ያንን አምቡላንስ የዘጋው ማነው? አራተኛ መስመር ቢጨመር አራተኛውም በመኪና ሞልቶ ይዘጋበታል። ለአውቶብስ ብቻ የተለየ መስመር ቢኖር ግን አምቡላንሱም የእሳት አደጋ መኪናውም በዚያ ያልፋሉ፤ አውቶብሱ ጠጋ ብሎ ያሳልፋቸዋል። ለጭነትም እንደዚሁ ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ባቡር አይሳፈርም፤ መንገድ ያስፈልገዋል። ባቡርና አውቶብስ መሳፈር የሚችለው ሰው ተሳፍሮ ሲሄድለት ነው መንገድ የሚያገኘው።

መንገድ አይሠራ አላልኩም። መግቢያ የሌለው ሰፈር መግቢያ ይሠራለት። የተሰበረው ይጠገን። የኔ ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በጀት ሲወጣ መጀመሪያ የእግረኛው ማቋረጫና የቱቦው ክዳን ይጻፍ። ቀጥሎ የአውቶብሱና የባቡሩ መለዋወጫ። ቀጥሎ ለአውቶብስ የተለየ መስመር። ከዚያ የተረፈው ለማስፋፊያ ይሂድ፤ የሚሰፋውም መንገድ ከመጀመሪያው የአውቶብስ መስመር ይኑረው። ሳሪስ ላይ ደግሞ ከድልድዩ ርቆ ሰው በሚሮጥበት ቦታ መብራት ያለው ማቋረጫ ይሠራ። ዘንድሮ ይሠራ። የእማዬ ጉልበት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚጠብቅ አይደለም።